ተጫዋቹ ሲሻሻል ምስጋናው ለማን ነው?

ለድሬዳዋ ቀፊራ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



ለድሬ ሰው ስለ ኳስ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የድሬዳዋው ኮተን ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን ያዩ አባቶች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚህ ተቀምጠዋል። በርጫ ላይ የሚነሣውን ክርክርም ታውቁታላችሁ። ቡድን ሲያሸንፍ አንዱ «የአሰልጣኙ ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልጆቹ ናቸው እንጂ!» ብሎ ይነሣበታል። ሲሸነፍ ግን ሁሉም ተስማምቶ አሰልጣኙን ያወርደዋል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ሰው ነው። አምና ኳስ ማንጠር ያቃተው ልጅ ዘንድሮ ሜዳውን ሲቆጣጠር፣ ከዚያ ለውጥ ውስጥ የአሰልጣኙ ድርሻ ስንት ነው? ምሳሌዬን በቅርጫት ኳስ እጀምራለሁ። ሜዳ ላይ ከየቡድኑ አምስት ሰው ብቻ ስለሚሰለፍበትና እያንዳንዱ ውርወራ ስለሚቆጠርበት የአንድን ሰው ለውጥ ለመከታተል ይመቻል። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር፣ የራሳችንን በራሳችን እናገራለሁ።

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ነው፤ ዘመኑ 1891፣ ቦታው አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ፣ ቅርጫቱም የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር። ይህ ሰው በኋላ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አሰልጥኖ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የረጅም ዘመን ታሪክ ውስጥ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት አሰልጣኝ እርሱ ብቻ ነው። ጨዋታውን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ተማሪው ፎግ አለን ግን ማሰልጠንን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለ39 የውድድር ዘመናት ቡድን መራ። ማወቅ ሌላ፣ ሌላውን ማሳወቅ ሌላ መሆኑን ስፖርቱ ገና ሲወለድ አሳይቶናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ልጅ የሚሻሻልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም አሰልጣኝ ኖረ አልኖረ የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ማደግ ነው። ማይክል ጆርዳን የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ አልገባም፤ ታናናሾቹ ቡድን ውስጥ ተመደበ። ቁመቱ ያኔ ወደ 1 ሜትር ከ78 ነበር። ዋናው ቡድን የወሰደው ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የክፍል ጓደኛውን ነው። ጆርዳን በሚቀጥለው ዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ረዝሞ መጣ። በንዴት ሌት ተቀን መለማመዱ እውነት ነው፣ ይህን ማንም አይነጥቀውም። ነገር ግን ያንን 10 ሳንቲ ሜትር የሰጠው አሰልጣኝ አልነበረም። በየሰፈራችን ያሉ የታዳጊ ፕሮጀክቶች የሚይዟቸው ልጆች ከ13 እስከ 17 ባለው ዕድሜ ውስጥ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በአንድ ክረምት ትከሻው ይሰፋል፣ እጁ ይረዝማል፣ እግሩ ይጠነክራል። መስከረም ላይ ስታዩት ሌላ ሰው ነው። ያንን ልጅ ክረምቱን ሙሉ ያሰለጠነው ሰው ለውጡን ሁሉ ከልምምዱ ቢቆጥረው አልዋሸም፤ ዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ ከሚመረጡት ልጆች መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጥር የተወለደና በታኅሣሥ የተወለደ በአንድ ምድብ ቢሰለፉም በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የዕድገት ልዩነት አለ። ታላቁ ይመረጣል፤ ስለተመረጠ ይሰለጥናል፤ ስለተሰለፈ ይለምዳል፤ ስለዚህ ይበልጣል። የተቀመጠው ደግሞ ተቀምጦ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ አሰልጣኙ «ዓይኔ አልሳተም» ይላል፤ ግን የመረጠው ልጅ የተሻለው በሰጠው የጨዋታ ሰዓት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በየቤቱ በማይገኝበት አገር ይህ ችግር ከካናዳው ይብስ እንደሆነ እንጂ አያንስም።

ሦስተኛው ደግሞ ለማመን የሚያስቸግረው ነው። ዳንኤል ካንማን የሚባል በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በወጣትነቱ የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎችን ሲያስተምር «ማመስገን ከመቅጣት የበለጠ ያስተምራል» አላቸው። አንዱ ልምድ ያለው አስተማሪ ተነሥቶ ተቃወመው። «እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ የበረረውን ባመሰገንኩት ቁጥር በሚቀጥለው ይበላሻል፣ መጥፎ የበረረውን በጮኽኩበት ቁጥር ይሻሻላል» የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ ነገር። ካንማን ያን ጊዜ ነገሩ በራለት። በጣም ጥሩ የሆነ በረራ በከፊል የዕድል ነው፤ በሚቀጥለው ወደ መደበኛው ይመለሳል። በጣም የከፋውም እንዲሁ። ጩኸቱ ባይኖርም ይሻሻል ነበር። አንድ ቀን ከ10 ውርወራ 2 ብቻ ያገባች ልጅ፣ ብትጮኹባትም ባትጮኹባትም በማግስቱ 4 ወይም 5 ልታገባ ትችላለች። በዚህ የተነሣ በየሜዳው ስንት ልጅ ያለ ጥፋቱ ተሰድቧል! ስድብ የሚያሠራ የሚመስለው ሁልጊዜ ከመጥፎ ቀን በኋላ ስለሚመጣ ነው። ይህን ነገር ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ አስበልጣችሁ ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል።

ከፍታ ላይ የወጣ እንደሚወርድ የድሬ ስታዲየም ራሱ ምስክር ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲካሄድ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት እዚሁ ነው። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደች፣ በዓለም ዋንጫም የተሳተፈች አገር ነበረች። ከድሬ ግን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳታሸንፍ በምድቧ መጨረሻ ሆና ወጣች፤ ሞሮኮ ደግሞ ዋንጫውን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። በሁለት ዓመት ውስጥ የዛየር ተጫዋቾች ኳስ መጫወት ረስተው አይደለም።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤም ተመሳሳይ ነገር አለ። ግሬግ ፖፖቪች የሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ቡድን በ1996 የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ሲረከብ ቡድኑ ዓመቱን 20 አሸንፎ 62 ተሸንፎ ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ያው አሰልጣኝ 56 አሸነፈ። ምን ተማረ? ትልቁ ተጫዋቹ ዴቪድ ሮቢንሰን ከጉዳት ተመለሰ፤ ቲም ደንከን የሚባል ወጣትም ከዩኒቨርሲቲ መጣለት። ፖፖቪች በኋላ ታላቅ አሰልጣኝ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከሁለቱ ዓመታት አንዱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ወይ ያባርረዋል ወይ ሐውልት ያቆምለታል።

እስካሁን የተናገርኩትን ሰምቶ «ታዲያ አሰልጣኝ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ብዙ ይሠራል። ዕድገትም ዕድልም ሊያስረዳው የማይችለው ለውጥ ስናይ እዚያ የአሰልጣኝ እጅ አለበት ማለት ነው። ካዋይ ሌነርድ የሚባለው ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ እያለ ከርቀት ከሚወረውራቸው ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች የሚያገባው ከአራት አንዱን ብቻ ነበር። እዚያው ስፐርስ ሲደርስ ቺፕ ኤንገላንድ የሚባል የውርወራ አሰልጣኝ ተቀበለው፤ ኳሱን የሚይዝበትንና ከእጁ የሚለቅበትን ሁኔታ አስተካከለለት። በመጀመሪያው የኤንቢኤ ዓመቱ መስመሩ ከዩኒቨርሲቲው የራቀ ሆኖ ሳለ 37.6 በመቶ አገባ። ያኔ ልጁ ቁመት አልጨመረም። ጉልበት ያመጣውም አይደለም። የተለወጠው የእጅ አያያዝ ነው፤ የእጅ አያያዝ ደግሞ ከትዕግሥተኛ ሰው ጋር በሺህ የሚቆጠር ድግግሞሽ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን አሰልጣኝ ስሙን እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ግን ከዚህም ላይ አንድ ነገር ይቀነሳል፤ የተማሪው ፈቃድ። ዊልት ቼምበርሌይን በቅርጫት ኳስ ታሪክ ከታዩት ግዙፎች አንዱ ነው። ነፃ ውርወራ ግን አይሆንለትም ነበር። በ1961–62 የውድድር ዘመን ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ ሥር አንሥቶ ወደ ላይ መወርወር ጀመረና 61 በመቶ አገባ፤ 100 ነጥብ ባስቆጠረበት በዚያ ታዋቂ ጨዋታ ከ32 ነፃ ውርወራ 28ቱን አስገባ። ከዚያ ተወው። ሰው ፊት እንዲህ መወርወር ያሳፍረኝ ነበር ብሎ በኋላ በራሱ መጽሐፍ ተናግሯል። ከዓመታት በኋላ ከ100 ውርወራ 38 ብቻ የሚያገባበት ዘመን መጣ። ሪክ ባሪ በዚያው አወራወር ዕድሜውን ሙሉ ከ10 ወደ 9 ሲያገባ ኖረ፤ የሚሠራ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ቼምበርሌይን መንገዱን አልተነፈገም፣ በእጁ ይዞት ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ጥሩ አሰልጣኝ ማለት ትክክለኛውን መንገድ ከማወቅ አልፎ፣ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር እንዲሞክረው የሚያደርግ ሰው ነው፤ ይህ ከዘዴው ይልቅ ይከብዳል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጥያቄ በደንብ የሚፈትነው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አይደለም፤ በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ናት። በዚያች አነስተኛ ከተማ የስፖርት አስተማሪ የነበረው ሥንታየሁ እሸቱ በማለዳ ልጆችን ሰብስቦ ያስሮጥ ነበር። ከእጁ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። አራቱ ብቻ ከባርሴሎና 1984 እስከ ለንደን 2004 ዓ.ም. ድረስ 9 የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። በአንድ የገጠር ከተማ፣ በአንድ ሰው እጅ!

ቆም ብለን እንመርምረው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ድሬ ወደ 1,200። ያንን ቀጭን አየር አሰልጣኙ አልፈጠረውም። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ሲሄዱ ያደጉ ናቸው፤ ይህንንም እርሱ አላመጣውም። የዲባባን ቤት ተመልከቱ፤ ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ሦስቱም የኦሎምፒክ ሜዳልያ አላቸው፣ ደራርቱም ዘመዳቸው ናት። እዚህ ቤት ውስጥ ከሥልጠና በፊት የነበረ ነገር አለ። ደግሞም ደራርቱ በባርሴሎና ስታሸንፍ፣ ከዚያ ወዲያ ለበቆጂ ልጆች ዋናዋ አሰልጣኝ እርሷ ሆነች ብል አላጋነንኩም፤ ከእነርሱ መንደር የወጣች ሴት ዓለምን ስትቀድም አይተዋላ።

ይህን ሁሉ ቀንሰን ምን ይተርፋል? እኔ ብዙ ይተርፋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በጎንደር ደጋ ላይ በቆጂን የሚያህል ከፍታ ያላቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸውም ይሮጣሉ፣ ድህነታቸውም አንድ ነው። ይህን ያህል ወርቅ ያልወጣባቸው ግን ብዙዎቹ ናቸው። ልዩነቱ በቆጂ ውስጥ በየማለዳው ሳይታክት ሜዳ ላይ የሚገኝ አንድ ሰው መኖሩ ነው። አየሩ ለሁሉም ነበር፤ አሰልጣኙ ግን ለበቆጂ ብቻ። አሰልጣኝን መመዘን ስንፈልግ ማድረግ ያለብን እንዲህ ያለ ንጽጽር ነው። ያው ተፈጥሮ፣ ያው ኑሮ ባለበት ሰፈር፣ ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

እነዚያ የበቆጂ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ተቀበላቸው። ሃንጋሪ ተምሮ የመጣ፣ በጥብቅነቱ የታወቀ፣ የብሔራዊ ቡድኑን ሯጮች እንደ አንድ ቤተሰብ አብረው እንዲለማመዱ ያደረገ ሰው ነበር። በቴሌቪዥን ከሯጮቹ ጎን የምናየው እርሱን ነበር፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ቀነኒሳን ሲያገኘው ግን ቀነኒሳ መሮጥ ያውቅ ነበር። ገንዘቤ በ2007 ዓ.ም. የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሴኮንድ ስትሰብር ደግሞ የምትሠራው ከሶማሊያዊው አሰልጣኝ ከጃማ አደን ጋር ነበር። በአንድ እግር ላይ ስንት ሰው እንደሚሠራ አያችሁ?

አበበ ቢቂላም እንዲሁ ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛውን ወታደር ለሮም አዘጋጀው። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ደገመው። የኒስካነን ውለታ ትልቅ ነው። ነገር ግን ከአበበ በፊት ዋሚ ቢራቱ የሚባል ብርቱ ሯጭ ነበር፤ አበበ ከፊቱ ሊቀድመው የሚታገለው ሰው ያገኘው በእርሱ ነው። ዋሚ ሮም ሳይሄድ ቀረ። የልምምድ ጓደኛን እንደ አሰልጣኝ የሚቆጥረው የለም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። ሜዳችሁ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ቢኖር አብረውት የሚጫወቱት ሁሉ ይሻሻላሉ፣ አሰልጣኙ ቀርቶባቸው እንኳ።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ለታላቁ ተጫዋች የመጨረሻ አሰልጣኝ ከሚገባው በላይ እንሰጣለን፤ ለመጀመሪያው ከሚገባው እጅግ ያነሰ። ቀፊራ ገበያ ላይ የበሰለ ማንጎ የምትሸጥ እናት ዛፉን እኔ ተከልኩት አትልም። በስፖርት ግን የበሰለውን የተረከበ ሰው ሁሉ ተካይ ነኝ ሲል እንሰማዋለን።

ደግሞም የመጀመሪያው አሰልጣኝ ትልቁ ሥራ በሰዓት የሚለካ አይደለም። ልጁ ሳያቋርጥ እንዲዘልቅ ማድረግ ነው። በእኛ ሙቀት፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ፣ ልምምድ ወይ ጎህ ሲቀድ ወይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ከቤት እንድትወጣ እናቷን ማሳመን፣ ሥራ በዝቶባት ሁለት ሳምንት የቀረችውን ሄዶ ማምጣት፣ ጫማ የሌለውን ሳያሳፍሩ መርዳት ማሰልጠን ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ኮከብ ላያወጣ ይችላል። እርሱን የምመዝነው በጎበዙ ልጅ አይደለም፤ ጎበዙ ሌላ ጋ ቢሄድም ይሻሻል ነበር። የምመዝነው በአሥረኛዋ፣ በአሥራ አንደኛዋ ልጅ ነው። መስከረም ላይ ከ20 ነፃ ውርወራ 5 ታገባ ነበር፤ ሰኔ ላይ ስንት? መስከረም ላይ ከመጡት 25 ልጆች ሰኔ ላይ ስንቱ አሉ? አሰልጣኞች ይህንን በደብተር ይጻፉት። ቁመታቸውንም ይጻፉ፤ አንዱ ለውጥ ከዕድገት፣ ሌላው ከልምምድ መሆኑ የሚለየው በዚያ ነው። የሄዱትን ልጆች ስም አታጥፉ። ከቡድኑ ወጥተው የሄዱትን ሰርዘን አብረውን የዘለቁትን ብቻ ካየን ሁልጊዜ ጎበዝ አሰልጣኝ እንሆናለን።

አሰልጣኝን ስናወርድም ይኸው ሚዛን ይሥራ። ድሉ በአብዛኛው የእርሱ ካልነበረ ሽንፈቱም በአብዛኛው የእርሱ አይደለም። በሦስት ጨዋታ ሽንፈት ሰው ማባረር ከፊታችን ያለውን የዕድል መዋዠቅ ለሰው ማሸከም ነው።

ምስጋናን በትክክል ማከፋፈል ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ የእግር ኳሱ ዓለም አንድ መንገድ አግኝቷል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በገንዘብ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ተነሥቶ፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሰለጠኑት ክለቦች በየዓመታቱ ልክ ይከፋፈላል። በልጅነቱ የያዘው ትንሽ ክለብ እንኳ ድርሻ አለው። ደንቡ «ማን ኮከብ አደረገው?» ብሎ አይከራከርም፤ በየትኛው ዓመት ከማን ጋር ነበር ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው ደግሞ ከመዝገብ ነው። ነገ አንድ የድሬ ልጅ ውጭ አገር ቢዛወር፣ በ13 ዓመቱ በሰፈሩ ሜዳ ያስጫወተው ቡድን በመዝገብ ያልሰፈረ ከሆነ ድርሻው ባዶ ነው። የእግር ኳስ ቡድኖቻችሁን በፌዴሬሽን በኩል አስመዝግቡ። የቅርጫት ኳሱም፣ የእጅ ኳሱም፣ የሩጫውም ልጅ በስም፣ በትውልድ ዘመን፣ በገባበትና በወጣበት ቀን፣ ካሰለጠነው ሰው ስም ጋር ይጻፍ። ለዚህ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል፤ ዛሬ እዚህ ያላችሁ አሰልጣኞች ከሰኞ ጀምሮ ልትጀምሩት ትችላላችሁ፤ ወላጆችም ልጃችሁ የተመዘገበበትን ገጽ አሳዩን ብላችሁ ጠይቁ።